ልጄ የቀደመችኝ ወር

በየወሩ የመጀመሪያ ሰኞ ልጄ ከትምህርት ቤት አንዲት ወረቀት ይዛ ትመጣ ነበር። ከላይዋ «ተማሪዎች በዚህ ወር የሚማሩት» የሚል የእንግሊዝኛ ርዕስ አለ፤ ከሥሩ ትምህርቶቹ በየተራ ተዘርዝረዋል። ወላጅ አንብቦ ይፈርምባትና በማግስቱ ትመለሳለች። ባለቤቴ እጁ ከገባች ሳያነብ ይፈርማል፤ ለእሱ ከዕቃ ደረሰኝ አትለይም። እኔ ግን ገና የትምህርት ቤቱ ቫን ሱቃችን በር ላይ ሲቆም እጄን ዘርግቼ ነው የምጠብቃት። «ኡሚ፣ መጀመሪያ ውሃ ስጪኝ» ትለኛለች። ውሃውን በአንድ እጄ አቀብዬ ወረቀቷን በሌላው እወስዳለሁ።

የዚያን ወር ወረቀት ዛሬም በቃሌ እወጣዋለሁ። ሒሳብ፣ መቶኛ። ሳይንስ፣ ልብና የደም ዝውውር። ኅብረተሰብ፣ የአፍሪካ ወንዞችና ሐይቆች። እንግሊዝኛ፣ የማመልከቻ ደብዳቤ አጻጻፍ። እርሻ፣ አፈር በጎርፍ እንዳይወሰድ ምን ይደረጋል የሚል ነገር። ሱቁ በር ላይ እንደቆምኩ ሁለት ጊዜ አነበብኳት። ደግ እናት ብሆን ኖሮ የተሰማኝ ደስታ ነው ብዬ እጽፍ ነበር። ደስታ አልነበረም። ቅናት ነበር። አምጬ በወለድኳት፣ በአሥራ ሦስት ዓመት ልጄ ቀናሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ ኮምቦልቻ ሰባተኛ ክፍል ገብቼ የተማርኩት አራት ወር ብቻ ነው። በአራተኛው ወር እናቴ ታመመች። ቤት ውስጥ ተማሪዎቹ ወንድሜና እኔ ነበርን፤ ከሁለታችን አንዳችን የእናቴን ሱቅ መጠበቅ ነበረብን። ማን ከትምህርቱ እንደቀረ መናገር አያስፈልገኝም። በአሥራ ሰባት ዓመቴ ተዳርኩ፣ በአሥራ ስምንት ወለድኩ፣ ከዓመታት በኋላ ባለቤቴን ጁባ ገበያው ደርቷል ሲሉት ልጃችንን ይዘን መጣን። ጀበል ገበያ ውስጥ ዱቄት፣ ስኳር፣ ዘይትና ሳሙና የሚያከፋፍል ሱቅ ከፈትን። እሱ ከካምፓላ ዕቃ ያመጣል፣ እኔ እሸጣለሁ። አገሩ ነፃ በወጣ በዓመቱ ልጄ ሰባተኛ ክፍል ገባች።

እኔም አብሬያት የገባሁ ያህል ነበር። የመጀመሪያዎቹን አራት ወረቀቶች ሳነብ ከእያንዳንዷ ላይ የማውቀው አይጠፋም ነበር። ልጄ ስለ ክፍልፋይ ስትጨነቅ አጠገቧ ቁጭ ብዬ አሳያት ነበር። «ኡሚ፣ አንቺ ታውቂዋለሽ እንዴ?» ስትለኝ «ተምሬዋለሁ!» ብሎ መመለስ እንዴት እንደሚጣፍጥ! ይህች ግን አምስተኛዋ ወረቀት ነበረች። ከዚህ በኋላ ያለውን ማንም አላስተማረኝም። ልጄ ቀደመችኝ፤ ከእንግዲህም ወር በመጣ ቁጥር እየራቀችኝ ልትሄድ ነው።

የጁባ ኢትዮጵያውያን ለበዓል ስንሰበሰብ አንዱ የኮንስትራክሽን መሐንዲስ ሁልጊዜ ብድግ ይልና «ሳይማሩ ያስተማሩን እናቶቻችን!» ይላል። ሴቱ ሁሉ ያጨበጭባል። እኔ አላጨበጭብም። ማነው ሳልማር ላስተምር ያለው? የእኔ ፍላጎት ተምሬ ማስተማር ነበር። ጠይቆኝ ያውቃል?

ስርቆቱን የጀመርኩት በዚያው ሳምንት ነው። ልጄ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ትመጣለች፣ ምሳዋን ትበላለች፣ ከዚያ ሙቀቱ ይጥላትና እስከ አሥር ሰዓት ትተኛለች። ገበያውም በዚያ ሰዓት ይቀዘቅዛል። ቦርሳዋን ቀስ ብዬ እከፍትና ደብተሯን ወደ ሱቁ ይዤ እወጣለሁ። ከመደርደሪያው ለራሴ አዲስ ደብተር አውርጃለሁ። እኛ ስንማር መጽሐፉ ለሦስት ተማሪ አንድ ነበር። የክፍል አለቃው ከመምህሩ ማስታወሻ ላይ ወደ ሰሌዳው ይገለብጣል፣ እኛ ከሰሌዳው ወደ ደብተራችን እንገለብጣለን። መማር ማለት ለእኔ መገልበጥ ነው፤ ሌላ መንገድ አላውቅም። ስለዚህ ገለበጥኩ። ቀኑን፣ ርዕሱን፣ ከርዕሱ ሥር ያሰመረችውን መስመር፣ ስህተቷን ሳይቀር።

ልብ አራት ክፍል እንዳላት ያወቅኩት የሳሙና ካርቶን ተደግፌ ነው። እኛ ሦስት ሆነን ሁለት ክፍል ውስጥ ስንኖር ልብ ብቻዋን አራት ይዛለች! መቶኛ ቶሎ ገባኝ፤ በየቀኑ ስሠራው ኖሬ ስሙን ነበር የማላውቀው። አንድ ቀን ደሙ ከየትኛው ክፍል ወደየትኛው እንደሚያልፍ እየገለበጥኩ ሳለሁ አንድ ደንበኛ መጣና «ያ ሀበሺያ፣ ሱከር ፊ?» ብሎ ስኳር ሲጠይቀኝ ቀና ሳልል «ማፊ»፣ የለም አልኩት። የተቀመጥኩት የስኳር ጆንያ ላይ ነበር። ሰውየው እኔንም ጆንያውንም አይቶ ሄደ።

መስረቄ ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት። ልጄ ለማንበብ ስትቀመጥ ሥራ እፈጥርላት ነበር። ሽንኩርት ላጪ፣ ጀሪካኑን እጠቢ፣ እነዚያን ካርቶኖች ቁጠሪ። የአፍሪካን ወንዞች በካርታ ሥሩ ተብላ ባለቀለም እርሳስ ስትጠይቀኝ «አልቋል» አልኳት። ከጀርባዬ መደርደሪያው ላይ ያልተከፈተ ፓኬት ነበር። በጥቁር እርሳስ ብቻ ሠርታ ይዛ ሄደች። እንዲህ ያደረግኩት ለምን እንደሆነ ያኔ ብትጠይቁኝ ልጅ ሥራ ይልመድ እላችሁ ነበር። አሁን ግን አውቀዋለሁ። እርምጃዋ እንዲዘገይልኝ ነው፤ ትንሽ እንድደርስባት።

በዚያ ላይ «ቲቸር» የሚል ቃል ከአፏ አይጠፋም ነበር። ኅብረተሰብና እንግሊዝኛ የምታስተምራቸው የአገሩ ልጅ ናት፤ በጦርነቱ ጊዜ በሕፃንነቷ ወደ ኢትዮጵያ ተሰዳ ጋምቤላ ተምራ፣ አዲስ አበባ ኮሌጅ ጨርሳ የተመለሰች። ቲቸር እንዲህ አለች፣ ቲቸር እንዲህ ትቆማለች፣ ቲቸር ስትስቅ እንዲህ ታደርጋለች። አንድ ቀን ምሳ ላይ ልጄ «በአማርኛ ራሱ ከአንቺ ትበልጣለች» አለችኝ። ጉርሻዬን ሳህኑ ላይ መለስኩት። የቀረኝ አንድ አማርኛ ነበር፣ እሱንም ወሰደችብኝ።

ረቡዕ ዕለት የወንዞቹ ትምህርት ላይ ደረስኩ። ልጄ በዚያች በምቀናባት ቀጥ ያለች ጽሕፈቷ በእንግሊዝኛ እንዲህ ብላ ጽፋለች፦ «ናይል የሚነሳው ከቪክቶሪያ ሐይቅ ነው።» ደግሜ አነበብኩት። ደሜ ፈላ። ሌላውን አላውቅም፣ እሺ። ይኼንንስ? ከጣና እንደሚነሳ ያገሬ ልጅ ሁሉ አራተኛ ክፍል ላይ ጥያቄው ሳያልቅ እጁን አውጥቶ የሚመልሰው ነው። አባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል እየተባልኩ ነው ያደግኩት። ጁባ ከመጣን ጀምሮ ድልድዩን በተሻገርን ቁጥር በመኪናው መስኮት ዝቅ ብዬ ውሃውን አይና በሆዴ «አንተም እዚህ ድረስ መጣህ?» እለው ነበር። ከአገሬ ልጆች ሁሉ ቀድሞ እዚህ የደረሰ እሱ መስሎኝ።

ቀዩን እስክሪብቶ አነሳሁ። ቪክቶሪያን ሰረዝኳት፣ ከበላይዋ «የጣና ሐይቅ» ብዬ በእንግሊዝኛ ጻፍኩ፣ ጎኑ ላይ ደግሞ እንደ መምህር በትልቁ «ተጠንቀቂ!» አልኩበት። ያን ወር ሙሉ ከልጄ በልጬ ያገኘሁት አንድ ነገር ይኸው ነበር፤ እሱን ሳልጽፍ ባልፍ የምሞት መሰለኝ። ደብተሩን ቦርሳዋ ውስጥ መለስኩት። ማታ ራት ስናቀርብ እንኳ እያፏጨሁ ነበር አሉ።

እኔ ያላወቅኩት፣ ሐሙስ ዕለት የወሩ ደብተር እርማት መሆኑን ነው። ተማሪዎቹ ደብተራቸውን ያስረክባሉ፣ መምህሯ አርማ አርብ ትመልሳለች።

አርብ ልጄ ከቫኑ ስትወርድ ውሃ አልጠየቀችኝም። ደብተሩን ባንኮኒው ላይ ወረወረችው።

«ማነው ደብተሬ ላይ የጻፈው?»

«እኔ ነኝ። ተሳስተሽ አስተካከልኩልሽ።»

«አስተካከልሽልኝ? ቲቸር ማን ጻፈው ስትል ሁሉም ሳቀብኝ! ከኋላዬ የሚቀመጠው ልጅ ሀበሾች ወንዛችንንም ሊወስዱብን ነው ብሎ ክፍሉ በሙሉ ሳቀ! ቪክቶሪያ ነው ኡሚ፣ ቪክቶሪያ!»

«ጣና ነው። ይኼንን ማንም አያስተምረኝም።»

«አንቺ ምን አውቀሽ ነው? አልተማርሽም እኮ!»

እጄ ቀደመኝ። በጥፊ መታኋት። ተሳድባ ቢሆን እንኳ የምመታት አይመስለኝም ነበር፤ የመታኋት እውነት ስለተናገረች ነው። እሷ ግን አላለቀሰችም፣ ጉንጯን ይዛ ወደ ውስጥ ገባች። እኔ ባንኮኒው ላይ የቀረውን ደብተር ገለጥኩ። ከጣና ሥር በመምህሯ እጅ «ወላጅ ሰኞ ይምጡልኝ» ተብሎ ተጽፏል።

ቅዳሜና እሑድ ልጄ አላናገረችኝም። እኔም ሙግቴን ስደረድር ከረምኩ። ሰኞ ጥሩ ቀሚሴን ለበስኩ፣ ሻሼን አሰርኩ፣ የራሴን ደብተር በጋዜጣ ሸፍኜ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ለምን እንደያዝኩት አላውቅም። መሀይም ናት እንዳትለኝ ይሆናል።

መምህሯ ከቆርቆሮ ክፍሎቹ ፊት ለፊት ካለው ማንጎ ሥር ወንበር አቀረበችልኝ። ረጅም ናት፣ ከእኔ በዕድሜ ትንሽ ታንሳለች፣ ጣቶቿ ላይ ጠመኔ አለ። ልጄ የነገረችኝ ሁሉ እውነት ነበር፤ ያም አናደደኝ።

«እንኳን ደህና መጡ» አለችኝ ጥርት ባለ አማርኛ። «ጣና ብለው የጻፉት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ። ውሸት ነው እንዴ?»

ሳቀች። ሳቋ የንቀት ቢሆን ተነስቼ እሄድ ነበር፣ ግን አልነበረም። «እኔም ጋምቤላ ስማር ጣና ብዬ መልሼ ተጨብጭቦልኛል። እዚህ ተመልሼ ማስተማር ስጀምር ቪክቶሪያ የሚል መጽሐፍ ሰጡኝ። ሁለት ቀን ተጣላሁ።» ከመሬት እንጨት አነሳችና እርጥቡ አፈር ላይ ሁለት መስመር ሠራች። «ይኼ ከጣና የሚነሳው የእናንተው ነው። ይኼ ደግሞ ከቪክቶሪያ የሚነሳው የእኛው ነው። የሚገናኙት ካርቱም ላይ ነው። ይኼ ጁባን አቋርጦ የሚያልፈው ውሃ ጣናን አይቶት አያውቅም።»

መስመሮቹን ከጫፍ እስከ ጫፍ አየኋቸው። ለካ ሦስት ዓመት ሙሉ የማላውቀውን መንገደኛ ያገሬ ልጅ መስሎኝ ሰላም ስል ኖሬያለሁ።

«ታዲያ ልጄ ልክ ናት» አልኩ።

«ግማሹን ጽፋለች። እርስዎም ግማሹን ጽፈዋል። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ሁለቱንም ማስጻፍ ነበረብኝ። ዛሬ ጠዋት ለክፍሉ ተናግሬያለሁ።»

እዚያ ላይ አመስግኜ መነሳት ነበረብኝ። እልኼ ግን አላስነሳ አለኝ። ከቦርሳዬ ደብተሬን አወጣሁና «ሌላውን ግን በትክክል ይዤዋለሁ» አልኳት። ተቀብላ ገለጠችው። መጀመሪያ የልጄ መሰላት። ከዚያ ጽሕፈቱን አስተዋለች፣ አንድ ገጽ ገለጠች፣ ሌላ ገጽ ገለጠች። ከደረት ኪሷ ቀይ እስክሪብቶ አውጥታ ማረም ጀመረች። እያንዳንዱን ገጽ። መቶኛው ላይ ሁለት ስህተት አገኘች፣ ሁለቱም ከልጄ የገለበጥኳቸው ነበሩ። መጨረሻው ላይ ከሃያ ነጥብ ሰጠችኝ፣ ቀን ጻፈች፣ ፈረመች። ስንት እንዳገኘሁ አልናገርም፤ ሃያ ግን አይደለም። እንዳላለቅስ ማንጎው ላይ ያሉትን ወፎች አየሁ።

«ማክሰኞና ሐሙስ ከአሥር ሰዓት ጀምሮ እዚህ ክፍል ውስጥ የገበያ ሴቶችን አስተምራለሁ» አለችኝ። «ይምጡ።»

«ሱቁስ?»

«ሱቁ እግር አለው እንዴ?»

ቤት እንደገባሁ ልጄን ይቅርታ ጠየቅኳት። የአንድ እናት ይቅርታ ለልጇ እንዴት እንደሚባል አላውቅም ነበር፤ እኔን ማንም ይቅርታ ጠይቆኝ አያውቅም። ያንን የባለቀለም እርሳስ ፓኬት ከመደርደሪያው አውርጄ ሰጠኋት። «አልቋል አላልሽም?» አለች። «ዋሽቼሽ ነው» አልኳት። ካርታዋን አውጥታ ሁለቱንም ወንዞች በሰማያዊ ቀለመች፤ የእኔን ደመቅ አድርጋ።

ባለቤቴም ሳቀብኝ እንጂ አልከለከለኝም። እሱ ካምፓላ ሲሆን ማክሰኞና ሐሙስ ሱቁን ልጄ ትጠብቃለች ተባለ፤ ጎረቤታችን ያለው የሱዳን ነጋዴም እንዲያያት አደራ አልነው። መጀመሪያ ላይ ልጄ ደስ ብሏት ነበር። «ኡሚ ተማሪ ሆነች» እያለች ለቫኑ ሾፌር ሳይቀር ታወራ ነበር። እኔ ቀን ቀን ልጆቹ በሚቀመጡበት ዴስክ ላይ ጉልበቴን አጥፌ እቀመጣለሁ። ከጎኔ ዓሣ የምትሸጥ የአገሩ ሴት አለች፤ እሷ ፊደል ትቆጥራለች፣ እኔ መምህሯ ለብቻዬ የምትሰጠኝን የሰባተኛ ክፍል ሥራ እሠራለሁ። ከሦስት ሳምንት በኋላ እኔም እንደ ልጄ ክፍል ካለፈው ወር የተላለፈውን የማመልከቻ ደብዳቤ ጻፊ ተባልኩ። ለማን እንደምጽፍ ቸገረኝና ለዚያው ትምህርት ቤት ጻፍኩ። ጉዳዩ፦ ያቆምኩትን ትምህርት እንድቀጥል ስለመጠየቅ። ሦስት ጊዜ አጥፍቼ ጻፍኩት። መምህሯ ወሰደችው።

በሚቀጥለው ሐሙስ ልጄ ከትምህርት ቤት መጣችና ምሳዋን ሳትነካ ተቀመጠች።

«ቲቸር ዛሬ ክፍል ውስጥ አንድ ደብዳቤ አነበበችልን» አለች። «እንዲህ ነው የሚጻፈው አለችን። የማን እንደሆነ አልተናገረችም። እኔ ግን አውቄዋለሁ።»

«የእኔን?» ድምፄ ከደስታ ብዛት ቀጠነ።

«የእኔን አላነበበችም። እኔ ሁለት ገጽ ነበር የጻፍኩት።» ሳህኑን ገፋችው። «እሷ እኮ የእኔ ቲቸር ናት።»

ሳህኑን አንስቼ አጠብኩ። አሥር ሰዓት ሲቃረብ ደብተሬን ሳዘጋጅ ወደ በሩ መጣችና ራሴን አመመኝ አለች። ግንባሯን ዳሰስኩት፤ ቀዝቃዛ ነው።

«ኡሚ፣ ዛሬ ብትቀሪስ?» አለችኝ። «አንድ ቀን ብቻ።»

ዓይኗን ተከተልኩት። እኔን አታይም ነበር። የምታየው ክንዴ ሥር ያለውን ደብተር ነው። ያን አስተያየት የትም ባየው አልስተውም፤ ያን ወር ሙሉ እኔ ራሴ የእሷን ደብተር ያየሁበት ነው። ልጄ ቀንታብኛለች።

በሕይወቴ ማንም ቀንቶብኝ አያውቅም ነበር። በምኔ ይቅናብኝ? በዱቄት ጆንያ? ያገሬ ሰው ምቀኛ አታሳጣኝ ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ በሠላሳ አንድ ዓመቴ ገባኝ፤ ምቀኛዬን ራሴ ወልጄ አሳድጌያታለሁ። አጠገቧ ቁጭ ብዬ ያንቺም ደብዳቤ ጥሩ ነው፣ አምጪና አንብቢልኝ ማለት ነበረብኝ። ያ ውርደት ምን እንደሆነ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ግን አንድ ቀን ብቻ የሚባለው ነገር ስንት ዓመት እንደሚፈጅም እኔ ነኝ የማውቀው።

ግንባሯን ሳምኳትና የሱቁን ቁልፍ እጇ ላይ አስቀምጬ ወጣሁ። ማፈሩ በኋላ መጣ፣ ዛሬም አለ። ያን ቀን ግን ከጀበል እስከ ትምህርት ቤቱ ድረስ ቀሚሴን ሰብስቤ በጭቃው መሀል ስሄድ ለብቻዬ እስቅ ነበር።